ከኮሶ በር እስከ ጥቁር አንበሳ

የዛሬዋ እንጅባራ የቀድሞ ስሟ ኮሶ በር ነው። ለዘንድሮ ልጆች ልንገራችሁ፤ ኮሶ ማለት ጥሬ ሥጋ የማይጠግቡት አባቶቻችን በየሁለት ወሩ እየጠጡ ትላቸውን የሚያወጡበት፣ ምሬቱ ለተረት የተረፈ መድኃኒት ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ዕለት እንግዳ አይቀበልም፤ ሸንጎ ቢጠራም አይወጣም። «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ባለጉዳይ በቅሎውን አዙሮ ይመለሳል። ዛፉ የሚወደው ደጋውን ነው፤ ብርዱን፣ ጉሙን፣ ዝናቡን። የአዊ ደጋ ይህ ሁሉ ሞልቶታል።

እናላችሁ፣ ይህ መራር ነገራችን ዓለምን ዞሯል። በ1763 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1770) የአባይን ምንጭ ፍለጋ በአገው ምድር ያለፈው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ጽፏል፤ የዛፉንም ሥዕል ለአገሩ ሰዎች አሳይቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብራዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ኢስታንቡል ላይ ሳለ ኮሶን አውቆ ስለ ፈዋሽነቱ ቢጽፍ፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ዛፉን በእሱ ስም እስከ መጥራት ደረሱ። (ዛፉን ያወቁት እነማን ሆነው፣ ስሙ የማን ሆነ!) ቆየት ብሎም ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ገባ።

ብሩስ ሌላም ሥራ ሠርቷል። ጎንደር ሳለ ፈንጣጣ የገባበትን የቁስቋም ግቢ አክሟል፤ «የሐኪም ወረቀትህን አምጣ» ያለው አልነበረም። መኃልየ መኃልይንም በአገሪቱ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወስዷል። ከእነዚያ አንዱ እሱ የዳሞት አገው የሚለው፣ እኛ ዛሬ አውኚ የምንለው ነው። እንግዲህ የአዊ ቋንቋ ከ250 ዓመት በፊት ለፍቅር መዝሙር ተጽፎበታል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከአገሩ ወጥቶ ለንደን ደርሷል፤ ቋንቋውም እንዲሁ። የአገሩ ልጅስ? ሐኪም ሆኖ፣ ነጩን ጋዎን ለብሶ፣ በናቱ ቋንቋ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ብሎ ለመጠየቅ ስንት ዘመን ፈጀበት? የዛሬው ወጌ ይህ ነው።

አስቀድሜ አንድ ቁጥር ላስይዛችሁ። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአዊ ዞን ነዋሪ ወደ 983 ሺህ ይጠጋ ነበር። ከመቶው 60 ያህሉ አገው አዊ ነኝ ብሏል። አፌን የፈታሁት በአውኚ ነው ያለው ግን 45 ያህሉ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችውን 15 ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ነገሩ ለምን እንደሚከነክነኝ ደግሞ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከፊቴ አንዲት ባልቴት ከልጅ ልጃቸው ጋር ገቡ። በሩ አልተዘጋም። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሁት ልጅ። «እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለ። ባልቴቷ አማርኛ ጭራሽ የላቸውም ማለት አይደለም፤ ለገበያ የሚሆን አላቸው። ድንች ይሸጡበታል፤ ጨው ይገዙበታል። ለበሽታ የሚሆን ግን የላቸውም። ስለዚህ አስተርጓሚዋ ልጅቷ ናት። አሥር ዓመት ቢሞላት ነው።

«ሆዷን ነው» አለች።

«ደም ይፈሳቸዋል? ጠይቂልኝ እስቲ።»

ጠየቀች። ባልቴቷ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ አዳመጠችና ዝም አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ምን አሉ?»

«ሆዷን ነው አለች።»

ሐኪሙ የሆድ መድኃኒት ጻፈ። ምን ያድርግ? የሰማውን ነው የጻፈው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ክፍል ውስጥ ሰምና ወርቅ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ቅኔ ግን አላጋጠመኝም። ሰሙን ሐኪሙ ወረቀት ላይ አሰፈረው፤ ወርቁን ልጅቷ በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ወጣች።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ አስተርጓሚ ይቀጠራ!» አለኝ። ይቀጠር። ግን እኮ አማርኛ በምንናገረው መካከልም ችግሩ አለ። ባላገሩ «ልቤን» ብሎ እጁን የሚጭነው ብዙ ጊዜ ጨጓራው ላይ ነው። ይህን ከተማ ተወልዶ ያደገ ሐኪም ከመጽሐፍ አያገኘውም። ከአያቱ ነው የሚያገኘው። የኔ ጥያቄም ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለች አያት ያላቸው ልጆች ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገቡት በየት በኩል ነው?

የበሩን ታሪክ ከመጀመሪያው እንየው።

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው። ጎንደር የተወለዱ ናቸው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ስትወድቅና አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ገና የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ ሁለት ኮሎኔሎች ተረዳድተው አሳደጓቸው፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1882 ላሆር ላይ በሕክምና ተመረቁ፤ በበርማም በሐኪምነት አገለገሉ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ ዘመዶቻቸው የለዩዋቸው በልጅነት ጠባሳቸው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኒህ ሰው አገራቸው ሲገቡ አማርኛ አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የገዛ ወገኑን ለማከም አስተርጓሚ አስፈልጎት ነበር ማለት ነው። ኋላ ቋንቋውን ተምረው፣ ምኒልክን አክመው፣ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው፣ በ1945 ዓ.ም አረፉ። ትልቅ ሰው ነበሩ። ሐኪም የሆኑበት መንገድ ግን ምርኮ ነው።

ዶክተር መላኩ በያን ሌላው ናቸው። እሳቸውን ንጉሡ ናቸው የላኳቸው። አሜሪካ ኦሃዮ ተምረው፣ ሕክምናን ዋሽንግተን ባለው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጥንተው በ1927 ዓ.ም ጨረሱ። ለምን ሃዋርድ? ነገሩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ ሰው የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ መርምሮ ሪፖርት አወጣ። ደረጃቸው ዝቅ ያለውን ይዘጉ አለ። ብዙዎቹ በእርግጥም መዘጋት ነበረባቸው። ግን ጥቁሮች ይማሩባቸው ከነበሩት ሰባቱ ሲጣራ ሃዋርድና ሜሃሪ የተባሉት ሁለቱ ብቻ ቀሩ። መላኩ የገቡት በዚያ ጠባብ በር ነው። «ደረጃ ይጠበቅ» የሚለው ቃል ሁልጊዜም ትክክለኛ ቃል ነው፤ ማን ውጭ እንደሚቀርበት የሚታየው ግን ቆይቶ ነው። ዶክተር መላኩ ጠላት ሲገባ በሙያቸው አገለገሉ፤ ከዚያም ለአገራቸው ድጋፍ ለማሰባሰብ ወደ አሜሪካ ተመልሰው እዚያው በ1932 ዓ.ም በወጣትነታቸው ዐረፉ።

አንዱን ምርኮ ወሰደው፤ ሌላውን ቤተ መንግሥት ላከው። ከነፃነት በኋላ ግን አንድ ለየት ያለ ነገር ተደረገ፤ እኔ በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ እጅግ ከሚገርሙኝ ሐሳቦች አንዱ ነው። በ1947 ዓ.ም በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ አግዘዋል። ያኔ የደምቢያን ሜዳ ወባ ፈጅቶት ነበር። የኮሌጁ ዓላማ ዶክተር ማውጣት አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የጤና ጥበቃ ባለሙያ አንድ ላይ አሠልጥኖ አንድ ላይ ወደ ገጠር መላክ ነበር። ልምምዳቸውም በአልጋ በተሞላ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ ቆላ ድባን በመሳሰሉ ቦታዎች ባላገሩ መሐል ነበር። መጀመሪያ ቦታው ታሰበ፤ ከዚያ ባለሙያው። ይህ ቅደም ተከተል በአገራችን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልታየም።

በ1957 ዓ.ም በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ኤዲንብራ የተማሩት ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። ኋላ ፋኩልቲው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሆነ መኖሪያው። ከዚህ በኋላ «ዶክተር ሆነ» ማለት «ጥቁር አንበሳ ገባ» ማለት ሆኖ ቆየ። ወደዚያ የሚያስገባው ማትሪክ ነው፤ ማትሪክ የሚያስፈትነው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጎጃም ጠቅላይ ግዛት በጣት የሚቆጠር ነበር። አንድ የዳንግላ ወይም የእንጅባራ ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መውረድ ነበረበት። ዳንግላ እኮ የተረሳች ቦታ ሆና አይደለም! እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንሲል ሻለቃ ቺዝማን መቀመጫው እዚያ ነበር። ጣናን ዞሮ፣ የአባይን ሸለቆ በእግሩና በበቅሎ ተከትሎ ካርታ አንሥቷል፤ መጽሐፍም ጽፏል። ዳንግላ ለካርታ ሠሪ ትታወቅ ነበር። ለመምህር ቀጣሪው ነው የራቀችው።

ደርግ መጣ። በ1971 ዓ.ም ገደማ ጎንደር፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምራ የሕክምና ኮሌጅ ሆነች። ጅማ በ1976 ዓ.ም ተከተለች። በዚሁ ዘመን ሌላ በር ተከፈተ፤ ኩባ። በሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸው የወደቁባቸው ልጆች በሺዎች ተቆጥረው ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት ተላኩ። በረሃ ላይ ወድቀው የቀሩ የተራ ወታደሮች ልጆች ስፔንኛ እያወሩ አደጉ፤ ከመሐላቸው ሐኪም ሆነው የተመለሱ አሉ። የድኻ ልጅ በብዛት ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገባበት አንዱ መንገድ ይህ ነበር። ዋጋው ግን የአባት ሞት ነው። አየኋችሁ፤ «ይሄ ሰውዬ ሁሉን ነገር ያጨልማል» ልትሉ ነው። ላጨልም አይደለም። ወርቅነህን ምርኮ፣ መላኩን ቤተ መንግሥት፣ የኩባዎቹን ልጆች ጦርነት ነው ያስተማራቸው። በሦስቱም መንገድ ልጁ ከቦታው ተነቅሎ ነው ሐኪም የሚሆነው። የተነቀለ ልጅ ደግሞ ወደ ነበረበት መሬት መልሰው ሲተክሉት ሁልጊዜ አይጸድቅም።

በየካቲት 2004 ዓ.ም መንግሥት በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ሥራ አስጀመረ። በየዓመቱ ሕክምና የሚገባው ተማሪ ከጥቂት መቶዎች ተነሥቶ ከ3,000 በላይ ሆነ። እዚህ ላይ ምስጋና የሚነፈግ ሰው ሊኖር አይገባም፤ ለሰማንያ ሚሊዮን ሕዝብ በዓመት ጥቂት መቶ ሐኪም ማውጣት ቀልድ ነበር። ግን ጥያቄው ሁሉ «ስንት?» ብቻ ሆኖ ቀረ። «እነማን?» የሚለው አልተጠየቀም።

«እነማን?» ብሎ መጠየቅ አደገኛ ጥያቄ መሆኑን አላጣሁትም። በሰው አገር ምን እንደሆነ እንይ። አሜሪካ ውስጥ ዘራቸው ከሜክሲኮ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከሌላው የላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ ነዋሪዎች ከሕዝቡ ከመቶ 19 ያህል ናቸው፤ ከሐኪሞቹ ግን ከመቶ ሰባት ገደማ። እዚያም ስፔንኛ ብቻ የምታውቅ እናት ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ሐኪም ቤት ትገባለች። በ1960ዎቹ (በነሱ በ1970ዎቹ) በካሊፎርኒያ የዴቪስ ሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ወንበሮች 16ቱን ለጥቁሮች፣ ለሜክሲኮ ልጆች፣ ለእስያውያንና ለነባሮቹ ሕዝቦች አስቀመጠ። አላን ባኪ የተባለ ነጭ አመልካች ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሳይገባ ቀረና ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1978 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ቆጥሮ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ዘርን ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ ማየት ግን ይቻላል አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ያንንም ዘጋው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ተከራክረውበታል ማለት ነው። ክርክሩ አይቅናባችሁ፤ እኔን የሚያስቀናኝ ሌላ ነው። ይቆጥራሉ። በየዓመቱ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብለው ያትማሉ። የኛ የትምህርት ስታቲስቲክስ መጽሐፍ ሴቱን ከወንዱ ለይቶ ይቆጥራል፤ ጥሩ ነው። ተማሪው እናቱን በምን ቋንቋ እንደሚያናግር የሚል ዓምድ ግን የለውም።

እኛም አገር ድጋፍ የሚባል ነገር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ለረዥም ዓመታት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ መቁረጫ ነጥብ ሲወጣ ለሴቶች፣ ታዳጊ ለሚባሉት ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች ዝቅ ያለ ነጥብ ይወጣ ነበር። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከታዳጊዎቹ አንዱ ነው። እዚህ ላይ ካርታ አውጡ። ከአዊዋ ቻግኒ ተነሥታችሁ ወደ ምዕራብ ጥቂት ብትሄዱ መተከል ትገባላችሁ፤ ማንዱራ። እዚያም አውኚ የሚናገሩ አገዎች አሉ። የአንድ አያት ልጆች፣ ያንኑ ገበያ የሚገበዩ፣ ያንኑ ወባ የሚታመሙ። አንደኛው ቤተሰብ ታዳጊ ክልል ውስጥ ነው፤ ልጁ ዝቅ ያለው ነጥብ ይያዝለት ነበር። ሌላኛው አማራ ክልል ውስጥ ነው፤ አማራ ክልል ደግሞ ታዳጊ አይደለም። ስለዚህ የቻግኒው ልጅ የሚወዳደረው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት ከተማረው ልጅ ጋር፣ እኩል መስመር ላይ ቆሞ ነው። ለቆጠራ ሲሆን የራሱ ብሔረሰብ አስተዳደር አለው፤ ለመቁረጫ ነጥብ ሲሆን የለውም። ይህን ያደረገው ክፉ ሰው ነው አልልም። ጠረጴዛ ላይ የተሰመረ መስመር ነው።

ይህ ልጅ መነሻ መስመሩ ላይ እስኪደርስ ስንት ወንዝ ይሻገራል? ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አውኚ በመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኗል፤ ትልቅ ነገር ነው፤ የአካባቢው መምህራን ብዙ ደክመውበታል። ልጁ በአውኚ ይጀምራል፤ ወደ አማርኛ ይሻገራል፤ ዘጠነኛ ሲገባ ባዮሎጂው ኬሚስትሪው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ሦስተኛውን ወንዝ የሚሻገረው ላቦራቶሪ በሌለው፣ መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ በሆነበት ክፍል ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተቀምጠው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ኩረጃ ቀረ፣ እውነቱ ታየ ተባለ። ልክ ነው፤ እውነቱ ታየ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ዓመት አልፎ ዓመት ቤት ውለዋል። ከዚህ ሁሉ ወጥቶ ለሕክምና የሚበቃ ነጥብ የሚያመጣ የገጠር ልጅ አለ። አለ ስላችሁ አለ። ግን እሱን አይቶ «አያችሁ፣ ከተጋ ይገባል!» ማለት፣ ከጎርፍ በዋና የወጣ አይቶ ድልድይ አያስፈልግም እንደማለት ነው።

በጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ አንድ አዛውንት አግኝቼ ነበር። ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው፤ ፈረሶቹን ያጌጡበትን ጌጥ ላየ ሰው ዓመት ሙሉ የሚያወራው አያጣም። «አያ፣ የእናንተ ልጆች ምን ምን ሆኑ?» አልኳቸው። ቆጠሩልኝ። መምህር ብዙ ነው። ዳኛ አለ። መቶ አለቃ አለ። ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ቤት የሠራም አለ። «ሐኪምስ?» አልኩ። «አለ እንጂ!» አሉ ኮራ ብለው። «የት ነው ያለው?» «አሜሪካ።»

እሱን ልጅ አልወቅሰውም። የአገራችን ሐኪም ደመወዝ ምን እንደሆነ በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎቹ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ሲናገሩ ሁላችንም ሰምተናል። እንዲያውም አንዳንድ አንባቢ «ያሉት እየሄዱ፣ የተመረቁት ሥራ አጥተው፣ አንተ የማን ልጅ ገባ ትላለህ?» ይለኝ ይሆናል። አዎ እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ገጠር ጤና ባለሙያዎች ያወጣው መመሪያ ከምክሮቹ መጀመሪያ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፤ ከገጠር የወጡ ተማሪዎችን ተቀበሉ፣ ትምህርት ቤቱንም ከዋና ከተማ ውጭ ክፈቱ። ምክንያቱ ርኅራኄ አይደለም። ገጠር ሄዶ የመቆየት ዕድሉ የበለጠ የገጠር ልጅ ስለሆነ ነው።

ትምህርት ቤቱስ ተከፍቷል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪ እየተቀበለ ነው፤ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅም አለው። ደስ ብሎኛል። ዳሩ ግን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው በአንድ አካባቢ፣ ተማሪ የሚመደበው ከመላ አገሪቱ ነው። ይህም መልካም ነው፤ የአርሲ ልጅ የዘንገና ሐይቅን ማየቱ አይከፋም። ብቻ ከግቢው አጥር ውጭ ያለችው ባልቴት ቋንቋ ለዚያ ተማሪ አንድ ሴሚስተር እንኳ ይሰጠዋል ወይ? በኔ እምነት ሊሰጠው ይገባል፤ የግዴታ።

አሁን ያስያዝኳችሁን 15 መልሱልኝ። አዊ ነኝ ከሚለው ከመቶ 60 ውስጥ አውኚ አፍ መፍቻው የሆነው 45 ከሆነ፣ አባቱ አዊ ስለሆነ ብቻ ቦታ የተሰጠው ልጅ ባልቴቷን ላይሰማት ይችላል። ደብረ ታቦር ተወልዶ ዳንግላ አሥር ዓመት ሠርቶ አውኚን የለመደ ነርስ ደግሞ ይሰማታል። ሐኪም ወርቅነህ ደማቸው ጎንደሬ ነበር፤ ቋንቋቸው ግን ላሆር ቀርቶ ነበር። ስለዚህ በብሔር ወንበር ይቆጠር አልልም፤ በዚህ ዘመን ያን ማለት በደረቅ ሣር ላይ ክብሪት መጫር ነው። በተማረበት ትምህርት ቤት ይቆጠር፤ ላቦራቶሪ ነበረው ወይ ተብሎ። በወረዳው ይቆጠር፤ በሚናገረው ቋንቋ ይቆጠር። አውኚ መቻል፣ ኽምጣንጋ መቻል፣ ጉሙዝኛ መቻል እንደ እንግሊዝኛው ነጥብ ይያዝበት። ሐኪም የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ለመጽሐፉ ነው፤ ታማሚውስ?

የሚገርማችሁ፣ መንግሥታችን ይህን አሳምሮ ያውቃል። በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። የተመረጡት እንዴት ነው? ከዚያው ከአካባቢው፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች። ቦታውና ቋንቋው በመስፈርትነት ተጻፉ! ዓለም ያደነቀው ፕሮግራም ነው፤ የእናቶችና የሕፃናት ሞት እንዲቀንስ ካደረጉት አንዱ ነው። እናም ለዝቅተኛው ደመወዝ ቋንቋ መስፈርት ይሆናል፤ ደረጃው ከፍ ሲል መስፈርትነቱ ይቀራል። ጤና ኬላ ላይ አውኚ ያስፈልጋል፤ ጤና ጣቢያ ላይ ቢኖር አይከፋም፤ ሪፈር ተጽፎ ሆስፒታል ስትደርስ ለአሥር ዓመት ልጅ ይተዋል።

ፋግታ ለኮማ ውስጥ በአንድ ጤና ኬላ ከምትሠራ ሠራተኛ ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ስናወራ ዋልን። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። በቀበሌው ያልገባችበት ቤት የለም፤ የትኛዋ እናት ባሏን እንደምትፈራ፣ የትኛዋ መርፌ እንደምትፈራ ታውቃለች። ሐኪም መሆን ትፈልጊ ነበር ወይ አልኳት። ሳቀች።

«ጋሼ፣ ነበር ይሉኛል እንዴ? አሁንም እፈልጋለሁ።»

ከዚያ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ደረጃ አራት፣ ጨርሳዋለች። ዲግሪ፣ ወረፋው ከደረሳት፣ ይህን ያህል ዓመት። ከዲግሪው በኋላ የግዴታ አገልግሎት። ከዚያ ሕክምና። ጣቷ አለቀና እንደገና ከአውራ ጣቷ ጀመረች። መሐል ላይ አንዲት እርጉዝ በር ላይ ቆማ በአውኚ ተጣራች። ሠራተኛዋ ቆጠራውን ትታ ተነሣች፤ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ውስጥ ገቡ፤ በሩንም ዘጉት።